ነጩ ነጠላ ለምን አመድ መሰለ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱንን አራት ደብዳቤዎች አንድ ላይ አቅርበናል። ጸሐፊዎቹ አንዱ ስለ ሰርግ፣ አንዷ ስለ ቀለም፣ አንዱ ስለ ካርድ፣ አንዱም ስለ ጅብ ቢጽፉልንም፣ ሳይመካከሩ የጠየቁት መካከለኛ ግራጫ ስለሚባለው ድምቀት ነው።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ የምኖር የሰርግ ፎቶ አንሺ ነኝ። ባለፈው ጥር በአንድ ቀን ሁለት ተቃራኒ ጥፋት ገጠመኝ። ጠዋት በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሙሽሪትን፣ ሚዜዎቿንና እናቶችን ነጭ በነጭ እንደለበሱ በዛፍ ጥላ ሥር አሰልፌ ሳነሳ፣ ነጠላው ሁሉ አመድ የተነሰነሰበት መስሎ ወጣ። ማታ በአዳራሹ ሙሽራውን በጥቁር ሱፉ ከወገብ በላይ ሳነሳው ደግሞ ሱፉ የነተበ ግራጫ ጨርቅ፣ ፊቱም የገረጣ ወረቀት ሆነ። ካሜራው በራሱ እንዲሠራ ትቼው ነበር፤ ምንም አልነካሁም። ዕቃ የሚሸጥልኝ ሰው ሌንሱን ቀይረው ይለኛል። ብሬን ከማውጣቴ በፊት አንተን ልጠይቅ ብዬ ነው። ድሬ ነንና አንተ ማለቴን ይቅር በለኝ።

መልስ፦ አንተ ማለትዎን በደስታ ተቀብያለሁ፤ እኔ ግን እንደ አምዱ ወግ እርስዎ እያልኩ እቀጥላለሁ። ሌንሱን አይቀይሩ፤ ካሜራዎም አልተበላሸም። የጠዋቱ አመድና የማታው ንጣት የመጡት ከአንድ ምክንያት ነው።

በካሜራው ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ የሚያውቀው ከፊቱ ካለው ነገር ተመልሶ ወደ ሌንሱ የሚገባውን ብርሃን ብቻ ነው። ያ ብርሃን የመጣው በጥላ ካለ ነጭ ነጠላ ይሁን ወይም በጠራራ ፀሐይ ካለ ጥቁር አስፋልት፣ መለኪያው የሚለይበት መንገድ የለውም። የገበያ ሚዛን የተጫነበት ቡና ይሁን ሽንኩርት ሳያውቅ ኪሎውን ብቻ እንደሚናገር ሁሉ፣ ይህም የብርሃኑን መጠን ብቻ ይናገራል። ስለዚህ መለኪያውን የሠሩት ሰዎች አንድ ግምት ይዘው መነሳት ነበረባቸው። ግምታቸውም በካሜራው ፊት ያለው ነጩም፣ ጥቁሩም፣ በመሐል ያለውም አንድ ላይ ቢደባለቅ ከመካከለኛ ግራጫ ብዙ አይርቅም የሚል ነው። በፎቶግራፍ ሥራ መካከለኛ ግራጫ የሚባለው ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶውን የሚመልስ ገጽ ነው። ክራር በአንድ ቅኝት እንደሚቃኝ መለኪያው በዚህ ድምቀት አካባቢ የተቃኘ ስለሆነ፣ ያሳዩትን ሁሉ ወደዚያው ይስባል።

ቀፊራ ገበያን ጠዋት ቢያነሱ ግምቱ ያዋጣል፤ የሰው ልብስ፣ የዕቃው ክምር፣ ጥላውና ሰማዩ ተደባልቀው ከመካከለኛው ብዙ የማይርቅ ድምር ይሰጣሉ። ጠዋት በግቢው ያሰለፏቸው ሰዎች ግን እንዲህ አልነበሩም። ንጹሕ ነጭ ጥጥ ከሚያርፍበት ብርሃን 80፣ አንዳንዴም እስከ 90 በመቶ ይመልሳል። ካሜራው ያን ያህል ብርሃን ሲመለስለት «ብርሃኑ በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል፤ የሚያቆመውም ነጩ እንደ መካከለኛው ግራጫ እስኪሆን ድረስ ነው። 90 ለ18 ሲካፈል አምስት ነው። በእኛ ሙያ ብርሃን በእጥፍ ሲጨምር ወይም በግማሽ ሲቀንስ አንድ ስቶፕ ስለሚባል፣ አምስት እጥፍ ማለት ሁለት ስቶፕ ከሲሶ ገደማ ነው። የማታው ሱፍ ደግሞ የሚመልሰው ከ3 እስከ 4 በመቶ ቢሆን ነው፤ 18 የዚያ አምስት እጥፍ ያህል ነው። ጠዋት የጎደለብዎትና ማታ የተረፈብዎት ብርሃን በመጠኑ ተቀራራቢ መሆኑን ልብ ይበሉ። ሱፉ ወደ ግራጫ ሲሳብ ፊቱም አብሮ ተስቦ ነው የነጣው።

መድኃኒቱ በካሜራዎ ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ነው። ነጭ ልብስ ምስሉን ሲሞላው ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ ይደምሩ፤ ጥቁር ልብስ ሲሞላው ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ይቀንሱ። ሁለት ከሲሶውን በሙሉ ይደምሩ ያላልኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የአሁን ካሜራዎች ምስሉን በብዙ ክፍል ከፋፍለው እያነጻጸሩ ስለሚለኩ ከስህተቱ የተወሰነውን ራሳቸው ያርማሉ፤ ሁሉም ግን በእኩል መጠን አያርሙም፣ የራስዎን ካሜራ ጠባይ የሚያውቁት በሙከራ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ነጩ ከልክ ካለፈ የሽመናው ፈትልና የጥለቱ ጠርዝ ይጠፋሉ፤ በዲጂታል ካሜራ አንዴ የጠፋ ነጭ ደግሞ በኮምፒውተር አይመለስም። በስክሪኑ ላይ ያለው ሂስቶግራም፣ ማለትም የምስሉን ድምቀት በግራ ከጥቁር እስከ በቀኝ ነጭ የሚያሳየው ሥዕላዊ መግለጫ፣ ወደ ቀኝ ጠርዝ ተጠግቶ ግድግዳውን ሳይነካ ቢቆም ነጠላው ነጭም ነው፣ ፈትሉም ይታያል።

ይህ ቁልፍ ግን አንድ ድካም አለበት፤ ሙሽሪት ከነጭ ለባሾች መሐል ወጥታ ከሙሽራው ጎን በቆመች ቁጥር ሒሳቡ ይለወጣል። ለሰርግ የምመክረው ግራጫ ካርድ፣ ማለትም 18 በመቶ ብርሃን እንዲመልስ ተደርጎ የተሠራ ካርቶን ነው። ካርዱን ሰዎቹ በሚቆሙበት ቦታና ብርሃን ላይ ያድርጉት፤ ካሜራዎን አስጠግተው ካርዱ ምስሉን እንዲሞላው አድርገው ይለኩ፤ ያገኙትን ቁጥር በማንዋል፣ ካሜራው ራሱ በማይለውጠው ዘዴ፣ ይቆልፉትና ካርዱን ያንሱ። ከዚያ በኋላ ያ ብርሃን እስካልተለወጠ ድረስ ነጭ የለበሰ ይግባ፣ ጥቁር የለበሰ ይውጣ፣ ለካሜራው ግድ የለውም፤ ሁሉም በየመልኩ ይወጣል። በእጅ የሚያዘውና ነጭ ጉልላት ያለው መለኪያም ከተነሺው ቦታ ወደ ካሜራው ተደርጎ ሲያዝ በሰውየው ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ስለሚለካ ይህንኑ ሥራ ይሠራል። ዋጋው ግን ከአንድ ቁራጭ ካርቶን ጋር አይወዳደርም።

ስለ ካርዱ አያያዝ ለድሬ ሰው ለይቼ የምናገረው አለኝ። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ከግማሽ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያው ሳምንት ማብቂያና በነሐሴ 22 ገደማ፣ በእኩለ ቀን ከአናት በላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ በእነዚያ ሳምንታት ስድስት ሰዓት ላይ የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር አይወጣም። በዚያ ሰዓት ካርዱን ፊት ለፊት አቁመው ቢይዙት የፀሐይ ጨረር ጠርዙን ታክኮ ያልፋል እንጂ ፊቱ ላይ አያርፍም። በዚህ የለኩት ቁጥር ለፊት ሊበጅ ይችላል፣ ፊትም ቆሞ ነውና፤ ትከሻ ላይ ያረፈው ነጠላ ግን ይቃጠላል። ካርዱን ወደ ሰማይ ትንሽ ቀና አድርገው በፀሐይና በካሜራው መካከል ወዳለው አቅጣጫ ቢያዞሩት ሁለቱን ያስታርቃል። የሚያብለጨልጭ ከሆነም እስኪደበዝዝ ድረስ ያዘንብሉት፤ የሚያብለጨልጭ ግራጫ ግራጫ አይደለም።

ካርዱ ቤት ከቀረ የእጅ መዳፍ ይተካዋል። የቆዳችን መልክ እጅግ ይለያያል፤ የመዳፍ ልዩነት ግን ከፊት ልዩነት ያነሰ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከመካከለኛው ግራጫ በአንድ ስቶፕ ገደማ ይበራል። መዳፍዎን ከካርዱ ጋር አንድ ቀን አነጻጽረው ልዩነቱን ይያዙት። ሂና የተቀባ መዳፍ ግን እንዳያታልልዎት፤ በሰርግ ሰሞን ይህንን የማይረሳ ሰው ብርቅ ነው። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ ጥቁር ጋዋን የለበሱ ተመራቂዎችን በሙሉ አንጥቼ ካስረከብኩ በኋላ ነው መዳፌን ማየት የጀመርኩት።

ጥያቄ፦ ሐረር የምኖር የሥዕል ተማሪ ነኝ፤ ታናሽዎ ስለሆንኩ አንቺ ቢሉኝ ደስ ይለኛል። መምህራችን መካከለኛ ግራጫ የሚመልሰው ብርሃን 18 በመቶ ነው አሉን። የጥቁርና የነጭ መካከል ከሆነ 50 በመቶ መሆን አልነበረበትም? ደግሞም ጥቁርና ነጭ ቀለም እኩል በእኩል ስደባልቅ የሚወጣው ግራጫ በጣም የጠቆረ ነው። የተሳሳተው ቁጥሩ ነው፣ ቀለሙ ነው ወይስ ዓይኔ? ሸራዬን አስቀድሜ ግራጫ ቀለም ብቀባውስ ምን ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ሦስቱም አልተሳሳቱም። ቁጥሩ ስለ ብርሃን ይናገራል፤ «መካከለኛ» የሚለው ቃል ግን ስለ ዓይን ነው። ሁለቱ በአንድ መንገድ አይቆጥሩም።

መብራት በጠፋበት ምሽት አንድ ሻማ በሚነድበት ክፍል ሁለተኛ ሻማ ብትለኩሺ ክፍሉ በግልጽ ሲፈካ ታዪዋለሽ። ሃያ ሻማ በሚነድበት ክፍል አንድ ብትጨምሪ ግን ማንም አያውቅልሽም። የተጨመረው ብርሃን በሁለቱም ጊዜ አንድ ሻማ ነው፤ ዓይን የሚመዝነው ግን የጨመረውን ሳይሆን ቀድሞ ከነበረው አንጻር ስንት እጥፍ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ለዓይን እኩል የሆኑ ደረጃዎች በመደመር ሳይሆን በማባዛት ይሠራሉ። ደህና ጥቁር ቀለም 3.6 በመቶ ብርሃን ይመልሳል እንበል፤ በአምስት ስናባዛው 18 ይሆናል፤ 18ን በአምስት ስናባዛ 90 ይሆናል፣ እርሱም የጥሩ ነጭ ወረቀት ድምቀት ነው። 18 ከጥቁሩ የራቀውን ያህል ከነጩ ርቋል። 50 በመቶ የሚመልስ ገጽ ግን ለዓይንሽ ነጣ ያለ ግራጫ እንጂ መካከለኛ አይደለም።

አሜሪካዊው ሠዓሊና የሥነ ጥበብ መምህር አልበርት መንሰል ቀለሞችን በሥርዓት ሲመድብ ድምቀትን ከ0 እስከ 10 በሆነ መሰላል ከፍሎት ነበር፤ በመሰላሉ መካከል ያለው 5ኛው ደረጃ የሚመልሰው ብርሃን 20 በመቶ ገደማ ነው። ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን በ1976 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው ስሌት ደግሞ ከ0 እስከ 100 በሚሄደው የድምቀት ሚዛን 50 የሚሆነው 18.4 በመቶ ብርሃን የሚመልስ ገጽ ነው። በኮምፒውተርም ተመሳሳዩን ታገኛለሽ። ከ0 እስከ 255 በሚቆጠረው የተለመደ ሚዛን 18 በመቶ ብርሃን 118 ላይ ይውላል፤ ትክክለኛው የብርሃን ግማሽ ግን 188 ላይ ነው። የኮምፒውተሩ ቁጥር ለዓይን እንዲስማማ ተደርጎ ስለተጣመመ ነው።

ከዚህ ሁሉ ቁጥር ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ግን ዦዜፍ ፕላቶ የተባለው የቤልጅግ ፊዚክስ ሊቅ ያደረገው ሙከራ ነው። ፕላቶ ለስምንት ሠዓሊዎች አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ክብ ሰጥቶ፣ እያንዳንዳቸው ወደ ሥራ ክፍላቸው ሄደው በሁለቱ ልክ መካከል ያለውን ግራጫ ቀብተው እንዲያመጡለት ጠየቃቸው። የክፍሎቹ ብርሃን የተለያየ ነበር፤ የመጡት ግራጫዎች ግን የማይለያዩ ያህል ተመሳሳይ ሆኑ። ውጤቱን ያሳተመው በ1872 ሲሆን፣ እርሱ ራሱ ከዚያ ወደ 30 ዓመት ቀድሞ ዓይነ ስውር ሆኖ ነበር። የክፍሉ ብርሃን ቢጨምርም ቢቀንስም በነጩ፣ በግራጫውና በጥቁሩ ላይ እኩል ስለሚያርፍ ምጣኔያቸው አይለወጥም፤ ሠዓሊዎቹም የተስማሙት ለዚህ ነው። የአንቺም ዓይን ከእነዚያ ስምንት ዓይኖች የሚያንስበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ ቀለምሽን በማንኪያ ሳይሆን በዓይን ደባልቂ። የጥቁር ቀለም ዱቄት ብርሃንን የመዋጥ ኃይሉ ከነጩ የመመለስ ኃይል ስለሚበልጥ፣ እኩል በእኩል የተደባለቀው ሁልጊዜ ወደ ጥቁሩ ያደላል፤ ነጩን አስቀድመሽ ጥቁሩን በቢላ ጫፍ እየጨመርሽ ሂጂ። አንድ ረጅም ወረቀት ወስደሽ በአንዱ ጫፍ ጥቁር፣ በሌላው ነጭ ቀቢ፤ ፕላቶ እንዳዘዘው ልክ መካከላቸውን ፈልጊ፤ ከዚያ የጥቁሩንና የመካከለኛውን መካከል፣ የመካከለኛውንና የነጩን መካከል፣ እንዲህ እያልሽ ዘጠኝ ደረጃ እስኪሆን ቀጥዪ። ቀለሙ ሲደርቅ ድምቀቱ ስለሚለወጥ ሳይደርቅ አትፍረጂ። ዓይንሽን አጥብበሽ ስታዪው ከደረጃዎቹ አንዱ ከጎረቤቱ ጋር የተዋሐደ ከመሰለሽ ዝላዩ እኩል አይደለም።

ግራጫን በምን ላይ አስቀምጠሽ እንደምታዪውም ይወስናል። አንዱን ግራጫ ቁራጭ ለሁለት ቆርጠሽ ግማሹን በነጭ፣ ግማሹን በጥቁር ወረቀት ላይ ብታስቀምጪው በነጩ ላይ ያለው የጠቆረ ሆኖ ይታይሻል። ኤድዋርድ አደልሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1995 በሠራው የዳማ ሰሌዳ ሥዕል ላይ፣ በጥላ ውስጥ ያለው «ነጭ» ካሬና ከጥላው ውጭ ያለው «ጥቁር» ካሬ አንድ ዓይነት ግራጫ ናቸው፤ እየተነገረው እንኳን ዓይን አምኖ አይቀበልም። አንቺ ግን ወደ ሥዕሉ መሄድ አያስፈልግሽም፤ ጁገል ውስጥ ነሽ። መኪና ግርግር ከሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ተነስተሽ ወደ አንዱ ጠባብ መተላለፊያ እኩለ ቀን ላይ ግቢ። በጥላ በኩል ያለው በኖራ የነጣ ግድግዳ 80 በመቶ ይመልሳል እንበል፤ ጥላው ደግሞ ከፀሐዩ በሦስት ስቶፕ፣ ማለትም በስምንት እጥፍ የደከመ ነው። 80 ለስምንት 10 ነው። በፀሐይ በኩል ያለ መካከለኛ ግራጫ ድንጋይ ግን 18ቱን እንደያዘ ነው። በሸራሽ ላይ ነጩን ግድግዳ ከግራጫው ድንጋይ አጥቁረሽ መቀባት አለብሽ ማለት ነው፤ ጀማሪ ግን «ነጭ ነው» የሚለውን እውቀቱን ይቀባና ጥላው ይጠፋበታል። መካከለኛ ግራጫ የተቀባ ትንሽ ካርድ በክንድሽ ርቀት ይዘሽ አንዱን ዓይንሽን ጨፍነሽ ግድግዳውንና ድንጋዩን በየተራ ብታስተያዪያቸው ይህን ስህተት አትሠሪም።

ሸራውን አስቀድሞ መቀባት ጥቅሙ ከዚሁ የተነሳ ነው። በነጭ ሸራ ላይ የመጀመሪያው ብሩሽ ምንም ይሁን ምን የጠቆረ ይመስላል፤ መካከለኛ ድምቀት ባለው ሸራ ላይ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ወደ ብርሃንም ወደ ጥላም ትለኪያለሽ። የግድ ግራጫ መሆን የለበትም። የሐረሪ ቤት ነደባ (የመቀመጫው መደብ) የሚቀባበትን ዓይነት ቀይ አፈርም ድምቀቱ መካከለኛ እስከሆነ ድረስ ብትቀቢው ሥራውን ይሠራል፣ በእኔ አስተያየት ደግሞ ለከተማሽ ብርሃን የበለጠ ይስማማል።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ በፊልም ዘመን ለረጅም ጊዜ ፎቶ ቤት የነበረኝ ሰው ነኝ። የኮዳክ ግራጫ ካርዴ ከጠፋ ቆየ። ልጄ በኮምፒውተር ግራጫ ሠርቶ በፕሪንተር አትሞልኛል። ልመነው ወይስ አልመነው? ደግሞስ «መለኪያዎች የተቃኙት በ18 ሳይሆን በ12 በመቶ ነው» የሚሉኝ ወጣቶች እውነት አላቸው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጅዎን ይመኑት፤ ካርዱን ግን ፈትነው ይመኑት። የጠፋው የኮዳክ ካርድ በአንድ ፊቱ 18 በመቶ የሚመልስ ግራጫ፣ በጀርባው 90 በመቶ የሚመልስ ነጭ እንደነበረ ያስታውሳሉ። ፈተናው ከዚያው ይወጣል። አንድ ንጹሕ ነጭ የጽሕፈት ወረቀትና የልጅዎን ካርድ በአንድ ብርሃን፣ በአንድ አቅጣጫ ጎን ለጎን አድርገው እያንዳንዳቸውን ለብቻ ይለኩ። ልዩነቱ ሁለት ስቶፕ ከሲሶ ገደማ ከሆነ ካርዱ ደህና ነው፤ ሁለት ብቻ ከሆነ ነጥቷል፤ ሦስት ከሆነ ጠቁሯል፤ ልጅዎም ቁጥሩን አስተካክሎ ደግሞ ያትመው። በባለ ቀለም ፕሪንተር የወጣ ግራጫ ከሦስት አራት ቀለም ስለሚደባለቅ በአምፖል ሥር ወደ ሮዝ ወይም ወደ አረንጓዴ ሊያደላ ይችላል፤ ለብርሃን ልኬት ይህ ችግር የለውም፣ ለዋይት ባላንስ፣ ማለትም ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ ቀለሙን ለማስተካከል፣ ግን አይበጅም። በጥቁር ቶነር ብቻ በሚያትም ማሽን ቢያወጡት ይሻላል፤ ወረቀቱም የማያብለጨልጭ ይሁን። በፕላስቲክ ከረጢት ያኑሩት፤ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ የከተማችንን ግራጫ ነገር ሁሉ ቡናማ ለማድረግ ጊዜ አይወስድበትም።

ስለ 12 በመቶው ወጣቶቹ መሠረት አላቸው። በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት የተሠሩ መለኪያዎች የሚቃኙት በግራጫ ካርድ ሳይሆን ኬ በሚባል ቋሚ ቁጥር ነው፤ ካኖንና ኒኮን 12.5ን፣ ፔንታክስ 14ን ይዘዋል። እነዚህ ቁጥሮች በመቶኛ አይደሉም፤ ወደ አንጸባራቂነት ሲመነዘሩ ግን 12.5 የተባለው ከ12 እስከ 13 በመቶ ከሚመልስ ገጽ ጋር ይገጥማል። ከ18 ጋር ያለው ልዩነት ግማሽ ስቶፕ ያህል ነው። በጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ፊልም ሲሠሩ ይህን ልዩነት ሳያውቁት አልፈውታል፤ በስላይድ ፊልም ግን ሳይታዘቡት አይቀሩም። የአሁኑን ካሜራዎን በካርዱ ለክተው አንድ ጊዜ እንደተነገረዎት፣ አንድ ጊዜ በግማሽ ስቶፕ ጨምረው ያንሱና የሚወዱትን ይያዙ፤ ክርክሩ ከዚህ በላይ ዕድሜ ሊበላ አይገባውም።

በእርስዎ ዘመን ዞን ሲስተም የሚባለውን የተማሩ ከሆነ ነገሩ አዲስ አይሆንብዎትም። አንሰል አዳምስና ፍሬድ አርቸር በ1939 እና በ1940 ገደማ በሎስ አንጀለስ ሲያስተምሩ ያወጡት ይህ ዘዴ፣ ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን ከ0 እስከ 10 በዞን ከፍሎ መካከለኛውን ግራጫ ዞን 5 ላይ ያስቀምጣል፤ ከዞን ወደ ዞን አንድ ስቶፕ ነው። ለእኛ ጥሩ ትምህርቱ «መለኪያው የሚያሳይህ ሁሉ ዞን 5 ነው፤ የት መሆን እንዳለበት የምትወስነው አንተ ነህ» የሚለው ሐሳብ ነው። ነጠላን ዞን 7 ወይም 8 ላይ አስቀምጦ ፈትሉን ማሳየት በዚህ ሐሳብ የሚገኝ ነገር ነው። ስለ ፊት ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የነጭ ሰው ቆዳ ዞን 6፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ዞን 5 ተብሎ ተመድቧል፤ «ጠቆር ያለ» የሚለው አንድ ቃል ግን በአንድ የድሬ ሰፈር ውስጥ ያለውን የፊት መልክ እንኳን አይበቃም። የተነሺውን ፊት ከካርዱ ጋር አስተያይቶ መወሰን ይሻላል፤ ጠይም ፊትን አንጥቶ ማስረከብም ደንበኛን ማስደሰት አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ሐረር ውስጥ እንግዶችን የማስጎበኝ ሰው ነኝ። ማታ የጅብ ምገባውን በስልኬ ሳነሳ ጨለማው ሁሉ ደብዛዛ ግራጫ፣ ጅቡና መጋቢው ደግሞ ነጭ ብርሃን ሆነው ይወጣሉ። ለዓይኔ ግን ሌሊቱ ጥቁር ነበር።

መልስ፦ ስልክዎም እንደ ድሬው ፎቶ አንሺ ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ይስባል። የምስሉ አብዛኛው ክፍል ጨለማ ስለሆነ ጨለማውን ሊያነጣ ይጥራል፤ በመኪናው መብራት ወይም በባትሪው ብርሃን ላይ ያሉት ጅቡና ሰውየው ከልክ በላይ የሚነጡት በዚህ የተነሳ ነው። ስክሪኑ ላይ በመጋቢው ፊት ወይም በጅቡ አናት ላይ ጣትዎን ጫን አድርገው ይያዙ፤ ብዙ ስልኮች ልኬቱን እዚያ ላይ ይቆልፉታል። ከዚያ የፀሐይ ምልክቷን ወደ ታች ይጎትቷት፤ ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ ያህል ሲቀንስ ሌሊቱ ወደ ሌሊትነቱ ይመለሳል። የስልኩን የሌሊት ማንሻ ዘዴ ግን ይተዉት፤ እርሱ የተሠራው ሌሊትን ቀን ለማስመሰል ሲሆን ረጅም ጊዜም ስለሚፈጅ ጅቡ ይደበዝዝብዎታል።

ለእንግዶችዎ የሚነግሩት ቢያስፈልግዎ፣ ገጣሚው አርተር ሬምቦ በከተማችሁ ሳለ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1883 ካሜራ አስመጥቶ ራሱን ፎቶ አንስቶ ነበር። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የብርሃን መለኪያ ለገበያ የቀረበው ከዚያ ወደ 50 ዓመት ዘግይቶ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ መለኪያ አልነበረውም። ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤም ፎቶዎቹ ነጥተው መውጣታቸውን ገልጾ፣ ጥፋቱን ያላከከው ባጠበበት መጥፎ ውኃ ላይ ነበር።

በምገባው ላይ አንድ ነገር ልጨምርልዎ። መብራቱ ከእንግዶችዎ ጀርባ ቀጥታ ጅቡ ላይ ካረፈ ጠጉሩ ሜዳ ይሆናል። እንግዶቹን ከመብራቱ ትንሽ ወደ ጎን ቢያቆሟቸው የጅቡ ነቁጥ ጎልቶ ይታያል፤ ከጀርባው ያለውን ጨለማም ለማብራት አይድከሙ።